ራዲያተር የለበሰ ጠረጴዛ

አምቦ ውስጥ የቤት ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሬዲዮው ዳንቴል ይለብሳል፣ የሶፋው ክንድ ይለብሳል፣ ፍሪጅ የገዛ ሰውማ ብርድ እንዳይመታው ይመስል ከላዩ ይደርብለታል። እኛ ባሎች ሳንሸፈን የቀረነው ምናልባት አንድ ቦታ አርፈን ስለማንቀመጥ ይሆናል። የዳንቴሉ ጥለትም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ወይን አለ፣ ጽጌረዳ አለ፣ አንገቱን የቆለመመ ወፍ አለ። ከሁሉም እኔ የምወደው ግን የመኪና ራዲያተር የሚመስለውን ነው። አትሳቁ፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ጎረቤቴ ደበላ ከጊንጪ እህል እየጫነ አዲስ አበባ የሚያራግፍባት አሮጌ መኪና ነበረችው። ራዲያተሯ ማፍሰስ አመጣ። ቢያስበይደው፣ ደግሞም ቢያስበይደው እምቢ አለ። መኪናዋ ዳገት ላይ ስትፈላ ደበላም አብሯት ይፈላል። ሲመረው፣ ሚስቱ ብርቄ ከአባቷ በስጦታ ያገኘቻትን ጊደር ጊንጪ ገበያ አውጥቶ ሸጠና አዲስ ራዲያተር ገዛ። መሸጡ ባልከፋ። ክፋቱ ሳይነግራት መሸጡ ነው።

ይባስ ብሎ፣ አሮጌውን መጣል አሳዘነው። ከላይና ከታች ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን አስፈትቶ መሃሉን ብቻ አጥቦ አመጣና ሳሎን ግድግዳ ሥር አቆመው። ራዲያተር ፊት ለፊት አይታችሁ እንደሆነ፣ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ድር ተደርድረው፣ በመሃላቸው ከወረቀት የሳሳ መዳብ እየተጣጠፈ፣ ንፋስ እያሳለፈ እስከ ታች ይወርዳል። የሠራው ሰው ያሰበው ውሃ ስለማብረድ ነው። ሳያስበው አማረበት።

ብርቄ ዝም አለች። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ቃል ግን የለም። እሱ ከመንገድ ሲገባ የዳንቴል ክሯንና ኪሮሿን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ግድግዳው ሥር ያለው ደግሞ ራዲያተሩ ነው። አጨዳው ሲያልቅ ልጇን ሀዊን ይዛ እንጭኒ ከሚኖሩት ወንድሞቿ ዘንድ እንደምትገባ ለባለቤቴ ነገረቻት። ባለቤቴ ለእኔ፣ እኔ ለቤተ ክርስቲያናቸው አገልጋይ ለኦቦ ነገራ ነገርኩ። ሽማግሌ የሆንነው በዚህ መንገድ ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ኦቦ ነገራ ጥቅስ፣ እኔ ተረት አዘጋጅተናል። ሰላምታው በኦሮምኛም በአማርኛም ተዳረሰ፤ ባልና ሚስቱ ግን ከእኛ ጋር እንጂ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ኦቦ ነገራ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ የደበላ ዓይን ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ጠረጴዛው አዲስ ዳንቴል ለብሷል። ቱቦው በነጭ ክር፣ መዳቡ በቡናማ ክር፣ ራዲያተሩ ራሱ ቁልጭ ብሎ። ደበላ ጎንበስ አለና አንድ ቦታ በጣቱ ነካ።

«እዚች ጋ ተጣማብሻለች» አላት።

«አልተጣመመችብኝም» አለች ብርቄ። ከስንት ሳምንት በኋላ የሰማው ድምፅ ነው። «ራዲያተሩን እየው፤ እሱም እዚያው ጋ እንዲሁ ነው።»

ዞሮ አየ። እኛም አየን። ከታች በኩል መዳቡ ተጨፍልቆ መስመሩን ስቷል።

«ሀዊን ልትወልጂ ሆስፒታል ሳደርስሽ፣ ድንጋይ ተፈናጥሮ የመታው ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«መቼ ጠፋኝ» አለችው። ቀጥላም ቀና ሳትል፣ «ጊደሬን ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር።»

ደበላ «ዺፋማ ናፍ ጎዺ» አላት፤ ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። አማርኛው እንደ ውሃ የሚወርድ ሰው ነው። ይቅርታ ግን የሚቀናው በእናት ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም።

ብርቄ ተነስታ ጓዳ ገባች። አልቀናም ብለን ከኦቦ ነገራ ጋር ተያየን። ተመልሳ ስትመጣ ማስታጠቢያ ይዛለች፤ በቀጥታ ወደ እሱ ሄዳ «በል ታጠብ» አለችው።

እኛም ታጠብን። ሽማግሌ ዋሽቶም ያስታርቃል ይባላል፤ እኛ ለመዋሸት እንኳ ጊዜ አላገኘንም። በላን፣ መረቅን፣ ወጣን።

ጥለቱ ግን እዚያ ቤት አልቀረም። ጎረቤት ቀዳችው፣ የጎረቤት ጎረቤት ቀዳችው፤ ዓመታት አልፈው አዲስ ዓለም ለሠርግ ተጠርቼ ብሄድ፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። የተጨፈለቀችው ቦታ ሳትቀር በጥንቃቄ ተሠርታለች። የሙሽሪትን እናት የጥለቱን ስም ጠየቅኋቸው።

«ሽማግሌ ነው የሚባለው» አሉኝ። «ድሮ አምቦ ላይ ሁለት አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ያስታረቁበት ነው ይላሉ።»

ላርማቸው አፌን ከፈትኩ። ሴትየዋ ግን አልጨረሱም። «ለልጆቻችንም እንደነሱ ያለ አስታራቂ ይስጥልን» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

«አሜን» አልኩ።