የንብ አምባሳደሩና የመድኃኒት ቤቱ አግዳሚ

በየሰፈሩ ሳይጠሩት የሚያስተምር አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ሰፈር የመኪና ሞተር አዋቂ ይደርሰዋል፣ ሌላው የዓለም ፖለቲካ ተንታኝ። የዚህኛው ሰፈር ዕጣ ግን ለየት ያለ ነው፤ የደረሰው የንብ አዋቂ ነው።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭንና ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ በወጡ በወሩ ጣሪያቸው ላይ ሁለት ቀፎ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ንቦቹን ወክለው የማይናገሩበት ቦታ ስለጠፋ ሰፈርተኛው «ክቡር አምባሳደር» አላቸው። በስሙ ቅር አይላቸውም፤ እንዲያውም ሲጠሩበት የኮታቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ።

ኤምባሲያቸው የመድኃኒት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ነው። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ደም ግፊት ሊለኩ የመጡ መስሏት ነበር። ለካቻቸው፤ ደህና ነበር። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ግፊታቸው ደህና መሆኑን፣ የሚያሰጋው የእሷ መሆኑን ተረዳች።

ለዓይኑ የቫይታሚን እንክብል ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ያስቆሙታል። «ማንጎ ትበላለህ? ዱባስ?» ይሉታል። ሰውየው ይበላ እንደሆን ያስባል። «ማን አመጣልህ?» ገበያ ያለ ወድቋል፤ ገበሬው ያለም አልተረፈም። መልሱ አንድ ብቻ ነው። ንቧ አበባውን ካልጎበኘች ዱባው ፍሬ አይዝም፤ ፍሬ ካልያዘ እንክብሉን ከዚህች ልጅ መግዛት ነው። ይህን ሲሉ በጣታቸው የሚጠቁሙት ፋርማሲስቷን ነው፤ ገበያዋን እየዘጉባት መሆኑን ልብ አይሉትም።

አንድ ዕቃ አድራሽ ሊረታቸው ሞክሮ ነበር። የያዘውን ዳቦ አሳያቸውና ስንዴ አበባውን ራሱ በራሱ የሚያዳቅል መሆኑን፣ ንብ የሚባል ነገር እንደሌለበት ነገራቸው። አምባሳደሩ በክብር አመኑለት። «ልክ ነህ። እንግዲህ ደረቅ ዳቦ ብቻ እየበላህ አንድ ዓመት ክረምና ድድህን መጥተህ አሳየኝ» አሉት። አንዲት ተማሪ ቸኮሌቷን ስትገምጥ ደግሞ የቸኮሌቱን ዛፍ አበባ የምታዳቅለው ከትንኝ የማትበልጥ ዝንብ መሆኗን በዝርዝር አስረዷት። ልጅቷ የቀረውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እሳቸው ግን ውለታ የዋሉላት ነው የመሰላቸው።

ታዲያ አንድ ቀን ፋርማሲስቷ ጓዳ ገብታ አዲስ የመጣ ዕቃ ስታደራጅ አንዲት እናት የሚያስል ሕፃን አዝላ መጣች። አምባሳደሩ ሳል ሰምተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ማር በሞቀ ውሃ በጥብጣ እንድትሰጠው መከሯት፤ ምክር ብቻ እንዳይሆን ብለውም ከኪሳቸው አንዲት ብልቃጥ ማር አውጥተው ሸለሟት። እናቲቱ መርቃቸው ሄደች።

ፋርማሲስቷ ስትመለስ በኩራት ነገሯት። እሷ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ልጁ ስንት ወሩ ነው?»

«እንጃ፤ ጥርስ ገና እያበቀለ ነው።»

«ጋሼ፣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቀምስም። ሆዱ ገና አልጠናም፤ ለእኛ መድኃኒት የሆነው እሱን ሊገድለው ይችላል።»

 አምባሳደሩ ባርኔጣቸውን አግዳሚው ላይ እንደተዉ ወጡ። የእናቲቱን ስም አያውቁም፣ ስልኳንም አያውቁም፤ የሚያውቁት ወደ ታች መውረዷን ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ያላንኳኩት በር የለም። ፋርማሲስቷ የምታውቃቸው ደንበኞች ዘንድ ስልክ ስትደውል፣ እሳቸው በር በበር ጀመሩ።

አመሻሹ ላይ ላብ አጥምቋቸው፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ተመለሱና ተቀመጡ። አርባ ያህል በር አንኳኩተዋል። እናቲቱ ማሩን በጥብጣ አስቀምጣ ነበር።

«ተኝቶ ነው የተረፈ» አሉ። «እስኪነቃ እየጠበቀችው።»

 በማግስቱ ጠዋት እናቲቱ ልጇን ይዛ መጣች፤ ፋርማሲስቷም አይታው ወደ ጤና ጣቢያ ላከቻት። አምባሳደሩ ግን አልመጡም። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም።

መድኃኒት ቤቱ ጸጥ አለ። ፋርማሲስቷ ይህን ጸጥታ አንድ ዓመት ሙሉ ስትመኘው ኖራለች። አሁን ሲመጣ ግን ጆሮዋ ላይ ከበዳት። ሰው እየገባ እንክብሉን ይቀበልና ይወጣል፤ የሚቆም የለም፣ የሚስቅ የለም። በአራተኛው ቀን ለአንድ ደንበኛ ስለ ዱባ አበባ ስታስረዳ ራሷን አገኘችው። ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ዘግታ ወደ ቤታቸው ወጣች።

ጣሪያው ላይ፣ ቀፎዎቹ አጠገብ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ልጄ፣ አፌን ይዤ ብቀመጥ ይሻለኛል» አሏት። «ሰው የሚድንበትን አውቃለሁ እያልሁ ሰው ልገድል ነበር።»

ልታጽናናቸው አልሞከረችም። ጎናቸው ተቀመጠችና ጠየቀቻቸው።

«ቆጣሪ ተሳስተው አንብበው ያውቃሉ?»

«እንዴታ።»

«ያኔ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ፤ ተመልሼ ሄጄ አነባለሁ።»

«እንግዲህ ምን ይጠብቃሉ?»

አምባሳደሩ ንቦቹን ትንሽ አዩ። ከዚያ ኮታቸውን ፈለጉ።

አሁን በወንበራቸው ናቸው። አንድ ስምምነት አለ፦ የምግብ ጥያቄ የእሳቸው፣ የመድኃኒት ጥያቄ የእሷ። ሕፃን ያዘለች እናት ስትገባ ደግሞ ገና ሰላም ሳይሏት የልጁን ዕድሜ ነው የሚጠይቁት፤ ዓመት አልሞላውም ካለች ሳይጠየቁ ጣታቸውን አንስተው ማር እንዳታስቀምሰው ያስጠነቅቃሉ፣ አባት ከሆነም አያመልጥም።

ባለፈው ሰሞን ከሌላ ሰፈር የመጣ ችኩል ደንበኛ ትምህርቱን በግድ አዳምጦ ሲያበቃ ወደ ፋርማሲስቷ ጠጋ አለ።

«እኚህ ሰውዬ ሥራ የላቸውም?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቃት።

ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን እየጠቀለለች ቀና ብላ አየችው።

«እዚሁ እኮ ነው የሚሠሩት» አለችው። «ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድመው ነው የሚገቡት።»