ሟቹ ፋው ሄዷል

ቅጽል ስም እንደ ጠመንጃ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይገባል... ለምን እንደምል ሰዎቹን አንድ በአንድ ላስተዋውቃችሁና ፍረዱ። አንደኛው ጎረቤቴ ወርቁ ነው፤ ሁለተኛዋ ሚስቱ ይመኙሻል። ሦስተኛው ገዳሪፍ ተወልዶ አማርኛን በግማሽ ጆሮ የሰማው አስተርጓሚያችን ዑመር፤ አራተኛው ቀለባችንን የሚመዘግበው የራሽን ጸሐፊ። አምስተኛው ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው አሜሪካዊ የፊልም ተዋናይ ነው። ስድስተኛው እኔ።

ዘመኑ የረሃብ ነው፤ ሱዳን ተሰደናል። ከስደተኛ መጠለያው ወደ ገዳሪፍ ከተማ ለጉልበት ሥራ ስንወጣ ሲኒማ ቤቱ ያጓጓ ነበር። ልጆቼን ከለከልኩ። እኔ ግን ለምግባር ይበጅ እንደሆነ ለመመርመር ስምንት ጊዜ ገባሁ። አትሳቁ፤ ምርመራ ጊዜ ይወስዳል።

አሜሪካዊው በየፊልሙ አለ። አንዴ ቄስ፣ አንዴ ሰካራም ሐኪም፣ አንዴ ዳኛ፣ አንዴ ባቡር ዘራፊ። ጢሙም ድምፁም አረማመዱም ይለወጣል፤ የማይለወጠው መሞቱ ብቻ ነው። ጀግናው ልጅቷን ሲያገባ እሱ ሁልጊዜ ተቀብሯል። እኔም “ሟቹ” አልኩት። ይህን ያህል ፊት የሚቀያይር ሰው የቱን ፊቱን ይዞ ቤቱ እንደሚገባም ጠይቄ ጎረቤቶቼን ገሠጽኩ።

ወርቁ ግን ወደደው። “የኔታ፣ እሱ ባይሞትላቸው ጀግናው ማንን ይገድል ነበር?” አለኝ። (የኔታ የሚለኝ ለክብር እንዳይመስላችሁ፤ ያለ አስተማሪ ፊደል ቆጥሬ ሰው ሁሉ ካላስተማርኩ ስለምል ነው።) ከዚያ ወዲህ በራሽን ሰልፍ መሀል አንዴ እንደ ቄሱ፣ አንዴ እንደ ዳኛው እየሆነ ደረቱን ይዞ፣ ሦስቴ ዞሮ ይወድቅ ጀመር፤ ቀኝ እግሩ ዘግይታ ትንፈራገጣለች። የራበው ሕዝብ ይስቃል። “ሟቹ” የሚለው ስምም ከአሜሪካዊው ወደ ወርቁ ዞረ።

ጥጥ ሲደርስ ወርቁ ለለቀማ ፋው ወደሚባለው የጥጥ እርሻ ሄደ። በማግስቱ የስደተኛ ቆጠራ ሆነ። ጸሐፊው ወርቁ የት እንዳለ ሲጠይቅ ምን አስቸኮለኝ? “ሟቹ? ፋው ሄዷል” አልኩ። ዑመር የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ከአፌ ነጥቆ “ማት” አለው፤ ሞተ ማለቱ ነው። እኔም አረብኛው ሳይገባኝ ራሴን ነቅንቄ አረጋገጥኩ። ጸሐፊው ነፍስ ይማር ብሎ ሰረዘው። ካርዱ በእሱ ስም ስለ ነበር የሚስቱና የሦስት ልጆቹ ቀለብ አብሮ ተሰረዘ።

በእደላው ቀን ይመኙሻል ባዶ ጆንያዋን ይዛ ደጄ ቆመች።

“የኔታ፣ ባሌን ገድለውታል። እንግዲህ ልጆቹን ያሳድጉ።”

ወርቁ ተጠርቶ መጣ። ጸሐፊው አላመነም፤ በሞተ ሰው ካርድ የሚበላ ብዙ ነበር። ወርቁ መሆንህን አሳይ አለው። ጉድ እኮ ነው... ቄሱንም ዳኛውንም የሚመስለው ሰው ራሱን መምሰል አቃተው። የአያቱን ስም ሲጠየቅ ተንተባተበ፣ አላበው፣ ቁርጥ ሌባ መሰለ። ይመኙሻል ጠጋ ብላ፣ “ሙትላቸው” አለችው።

ደረቱን ያዘ፣ ሦስቴ ዞረ፣ ወደቀ። ቀኝ እግሩ ዘግይታ ተንፈራገጠች። ጸሐፊው ብዕሩን ጣለ። ለካ እሱም ሲኒማ ይገባል! “ይሄማ ባቡር ዘራፊው ነው” አለ በአረብኛ፤ እንባው እስኪወርድም ሳቀ። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ “ሟቹ! ሟቹ!” እያለ ወርቁን ሲጠራው፣ ያኔ ዑመር “ሟቹ” ቅጽል ስም መሆኑ ገብቶት፣ ፊቱ እየቀላ አስረዳው። ወርቁ በሕይወት መኖሩ በመሞቱ ተረጋገጠ።

መዝገብ ግን ሰው ለመሰረዝ እንጂ ለማስነሣት አይቸኩልም። ስሙ የሚመለሰው በቀጣዩ ወር ነበር። እስከዚያ አምስቱን ነፍስ ከእኔ ቤትና ከዑመር ቤት እየቀነስን ያዝናቸው፤ ጸሐፊው እንኳ ከጓዳው ትንሽ ላከ። ከአሜሪካዊው በቀር ያላዋጣ የለም። ድምሩ፦ ለአንዲት ቃል፣ አንድ ጆንያ ማሽላ።