«እንደነገሩ»ን በእንግሊዝኛ የተረጎምኩበት ቀን

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል።

ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ ፌርማታችሁን እንዳታልፉ። ረዘም ይላል።

ለአዲሶቹ፦ ቤዛ እባላለሁ። አየር ጤና ነው የምኖረው። ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ተምሬ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በየጠዋቱ «የዛሬ ቃል» እያልኩ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ኮመንት ላይ ስፔሊንግ ስትሳሳቱ ቀድሜ ደርሼ የማርማችሁም እኔው ነኝ።

ስለሱ ይቅርታ። ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።

ሥራ አልያዝኩም። ሰፈር ውስጥ ተማሪ አስጠናለሁ፣ ሲቪ እበትናለሁ፣ ያው እንደምታውቁት ነው። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር አጎቴ «እንግሊዝኛ ተምሮ ግን ምንድን ነው የሚኮነው?» ይለኛል። «ብዙ ነገር» እላለሁ። «ለምሳሌ?» ይላል። እኔ በዚህ ጊዜ ወጥ ልጨምር ብዬ እነሳለሁ።

ወደ ዛሬው ልምጣ።

ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ አንገታቸው ላይ እንቅርት አለባቸው። ድሮ ትንሽ ነበር፣ አሁን ሻሽም አይደብቀው። ከከፋ አገር መጥተው አየር ጤና ላይ ጨርቅ መሸጥ ሲጀምሩ እኔ ገና አልተወለድኩም። ድምፃቸው ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ባትገዢም ነክተሽው እለፊ» ብለው ያላስቆሙት ሴት ሰፈሩ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ቀራንዮ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች እንቅርት ኦፕራሲዮን ያደርጋሉ ተባለ። እትዬ ወርቄ ትናንት ቤታችን መጡና «ቤዚ፣ አንቺ የፈረንጁን ቋንቋ ጠጥተሽዋል፤ ነገ አብረሽኝ ሂጂ» አሉኝ።

ጠጥተሽዋል ነው ያሉት። እስቲ እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል ማነው?

ነጭ ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ። ለምርመራ ሳይሆን ለቃለ መጠይቅ የሄድኩ ነበር የሚመስለው። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ኮፒ ሲቪ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ነርሷ «አስተርጓሚዋ ሌላ ክፍል ናቸው፣ ትንሽ ጠብቁ» አለችን። ዶክተሯ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሽበታም ሴት ናት፣ የተደረደሩትን ካርዶች አየት አድርጋ ተነፈሰች። ገና ብዙ ሰው ውጭ ተቀምጧል።

እኔ አፌን ከፈትኩ።

«መጠበቅ አያስፈልግም፣ እኔ እችላለሁ። የተማርኩት እሱን ነው።»

ማንም አልጠየቀኝም ነበር። እዚህ ላይ አስምሩበት።

ዶክተሯ ደስ አላትና ወንበር አሳየችኝ። «ምን ይሰማዎታል?» ብላ ጀመረች። ይቺን አሳምሬ ተረጎምኳት። እንዲያውም እግሬን አነባብሬ ነበር።

እትዬ ወርቄ «ልቤ ጥፍት ይላል» አሉ።

አራት ዓመት ተማርኩ። ልብ ወለድ አነበብኩ፣ የድምፅ አወጣጥ ተማርኩ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ኤ አገኘሁበት። «ልቤ ጥፍት ይላል» የሚለውን ግን አንድም መምህር ጠይቆኝ አያውቅም።

ምን ብል ጥሩ ነው? «ሃር ሃርት ዲስአፒርስ።»

ዶክተሯ ቀና ብላ አየችኝ። ልብ ወዴት እንደሚሰወር ለመጠየቅ ያሰበች መሰለኝ።

እትዬ ወርቄ ቀጠሉ። «ደግሞ ሆደ ባሻ ሆኛለሁ። ማንም ምንም ሳይለኝ እንባዬ ይመጣል።»

እኔ እንባው ጋ ሳልደርስ «ሆድ» የምትለውን ይዤ ሮጥኩ። «ባድ ስቶማክ» አልኩ። ዶክተሯ ጻፈችው። ቀጥላ ተቅማጥ አለባቸው ወይ ብላ ጠየቀች። እኔም ታማኝ ነኝና ጠየቅኳቸው።

«ማን ስለ ተቅማጥ አወራ?» አሉ እትዬ ወርቄ፣ ጨርቅ በሚሸጡበት ድምፅ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ገቡ። ሰማያዊ ሹራብ፣ ጠፍጣፋ ጫማ፣ እጃቸው ላይ ትንሽ ደብተር። አስተርጓሚዋ ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። ቦታቸው ላይ ተደላድዬ አዩኝ። ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጡና ማድመጥ ያዙ።

እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ ይብስብኛል። ድምፄን አቀጠንኩት። የማላውቀው አገር አነጋገር ሁሉ ጨመርኩበት።

ዶክተሯ እንቅርቱን በእጇ ዳሰሰች፣ የላብራቶሪውን ወረቀት አየች፣ ከዚያ እንቅርቱ ልባቸውን እንዳያስሮጠው ባለፈው የታዘዘላቸውን ኪኒን እየወሰዱ እንደሆነ ጠየቀች። አሁን ሳስበው የቀኑ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነበር። እኔ ግን ስለ አነጋገሬ ነበር የማስበው።

እትዬ ወርቄ «እንደነገሩ እውጣለሁ» አሉ።

እኔ የሰማሁት «እንደነገሩኝ» ነው። ወይም መስማት የፈለግኩት እሱን ነው። ልክ እንደታዘዙት ይወስዳሉ ብዬ ተረጎምኩ። «ኤግዛክትሊ» የምትለዋን ከራሴ ጨመርኩ። ለድምቀት።

ዶክተሯ ፊቷ ፈካ። ሐሙስ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ ብላ መጻፍ ጀመረች።

ወይዘሮ ጽጌ ከጥጉ ሆነው ዶክተሯን በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቁ። አንድ ነገር ማጣራት እፈልጋለሁ አሉ። እንግሊዝኛቸው ምንም ጌጥ የለውም። ጥርት ያለ ነው። ወደ እትዬ ወርቄ ዞሩ።

«እትዬ፣ እንደነገሩ ሲሉ እንዴት ነው? ትናንት ውጠዋል?»

«ትናንት? ትናንትማ ገበያ ነበር።»

«ከትናንት በስቲያስ?»

«ሲብስብኝ ነው የምውጠው። ሻል ሲለኝ አስቀምጣታለሁ። መድኃኒቱ እኮ አንዳንዴ ከፋርማሲው ይጠፋል፤ አልቆብኝ ከምቸገር ብዬ ነው።»

አነባብሬው የነበረውን እግሬን አወረድኩ። 

ወይዘሮ ጽጌ ለዶክተሯ ነገሯት። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ መናገር ስትጀምር፣ ወይዘሮ ጽጌ ወንበራቸውን ከእትዬ ወርቄ ትንሽ ወደ ኋላ አድርገው ተቀመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ ተከተሏት። «ዶክተሯ እንዲህ ትላለች» የለም። «እኔ» ነው የሚሉት።

«ይህንን ሳላውቅ ሐሙስ አስተኝቼዎት ቢሆን ኖሮ፣ ልብዎ ማደንዘዣ ላይ እያለ ከአቅሙ በላይ ሊሮጥ ይችል ነበር። መልሼ ማረጋጋት ሊያቅተኝ ይችል ነበር። እዚያው እጄ ላይ ላጣዎት እችል ነበር።»



ያቺ «ኤግዛክትሊ» አለች አይደል? ከራሴ የጨመርኳት? ሰው ልትገድል ነበር።

ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ለዶክተሯ መናገር ነበረብኝ፤ ተናገርኩም። የተናገርኩት ግን በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ወይዘሮ ጽጌ እጃቸውን ክርኔ ላይ አሳረፉና «ከዚህ ተነሺ፣ እዚያ ተቀመጪ» አሉኝ። ጥጉ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም።

«ልቤ ጥፍት ይላል» ከመጀመሪያው ተነሳ። በሁለት ቃል አለፈ፤ ዶክተሯ ወዲያው ገባት። ሆደ ባሻነቱ ተነሳ። ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች፤ ለካ እሱም የዚሁ በሽታ ምልክት ነው። እትዬ ወርቄ ሲፈጥኑ ወይዘሮ ጽጌ ይፈጥናሉ፣ ሲያቆሙ ያቆማሉ። እትዬ ወርቄ ሲቀልዱ ዶክተሯ በሰዓቱ ሳቀች። በሰዓቱ! ቀልድ ከአየር ጤና ተነስቶ እንግሊዝኛ ገብቶ፣ ሳይሞት ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ እትዬ ወርቄ ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቃት። ሰዎች ድምፅ ይጠፋል ይላሉ። እኔ ሌላ ምን አለኝ? የኖርኩት በድምፄ ነው።»

ይህን ሰፈር ውስጥ ለማንም ሲናገሩ አልሰማሁም። ለካ ኪኒኗን ማስቀመጡም፣ እስከዛሬ የሕክምና ቀጠሮ እየገፉ መቆየታቸውም ከዚህ ይመጣ ነበር።

ወይዘሮ ጽጌ ተረጎሙት። ምንም አላሳመሩትም፣ ምንም አልቀነሱለትም። እትዬ ወርቄ ድምፃቸው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ የሳቸውም ዝቅ አለ። ዶክተሯ ወንበሯን ሳበችና እትዬ ወርቄን ዓይን ዓይናቸውን እያየች መለሰች።

«ድምፅዎን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ክር ነው የሚያክለው። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ፈጽሞ አይነካም ብዬ ግን አልዋሽዎትም። እርስዎ ኪኒኑን በየቀኑ ይውሰዱልኝ፣ የሚጠፋ ከሆነ ከዚህ እንዲሰጥዎት አደርጋለሁ። ልብዎ ሲረጋ እኛ አገራችን ገብተን ቢሆን እንኳን የዚሁ ክሊኒክ ሐኪም ይሠራልዎታል፤ እኔ ራሴ ጽፌ አስረክብልዎታለሁ።»

እትዬ ወርቄ ሻሻቸውን ፈታ አደረጉ። ከዚያ «እሺ» አሉ።

ይህቺን «እሺ» እናቴ ይታከሙ እያለች ስትለምናቸው ከርማ አላገኘቻትም።

ስንወጣ ወይዘሮ ጽጌን ኮሪደሩ ላይ ተከተልኳቸው። 

«ምን ተምረው ነው?» አልኳቸው።

«እንግሊዝኛ።»

«እኔም እኮ እንግሊዝኛ ነው የተማርኩት።»

«ሰማሁሽ» አሉኝ።

 ትንሽ ቆይተው ግን አዘኑልኝ መሰለኝ ግድግዳውን ተደገፉና አወሩኝ። ብዙ ዓመት ክፍለ ሀገር አስተማሩ። አብረዋቸው ከተመረቁት አንዷ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና ታርማለች፣ አንዱ ቀኑን ሙሉ ውል ሲተረጉም ይውላል፣ አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ ንግግር ይጽፋል፤ አለቃው ሲጨበጨብለት እሱ ከኋላ ሆኖ ይስቃል። እሳቸው ፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሞክረው ነበር፣ ኋላ ሐኪም ቤት ተስማማቸው።

«‹እንደነገሩ›ን ግን እንዴት ያዟት?» አልኳቸው።

ደብተራቸውን ዘጉ። «እናቴም እንደነገሩ ነበር የምትውጠው» አሉ።



ሊገቡ ሲሉ ዞር አሉ። «ሰኞ ነይ። ጥግ ላይ ትቀመጫለሽ። ደብተር ይዘሽ ነይ፣ አፍሽን ቤት ትተሽው ነይ።» ሲቪዬን ላውጣ ብዬ ነበር፤ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ወደ ታክሲው ስንሄድ ለእትዬ ወርቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምን እንዳሉ፣ ምን ብዬ እንደተረጎምኩ፣ ምን ሊሆን እንደነበር። መሃል መንገድ ላይ ቆሙ።

«እና በእንግሊዝኛ ልትገድይኝ ነበር?»

«አዎ።»

አዩኝ፣ አዩኝ፣ ከዚያ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ማልቀስ ስጀምር ክንዴን ይዘው «በይ ነይ፣ አልሞትኩም» አሉኝና ቀሪውን መንገድ ሳይለቁኝ ሄድን።

ታክሲው ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ታክሲው ሲንቀሳቀስ «ያቺ ዶክተር ግን» አሉ። «‹አልዋሽዎትም› ስትለኝ ሰውነቴ እርግት አለ። አማርኛዋ ደግሞ እንዴት ያምራል። የት ተምራው ይሆን?»

«እትዬ፣ ዶክተሯ አማርኛ አትችልም። ወይዘሮ ጽጌ እኮ ናቸው ሲናገሩ የነበሩት።»

ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። አሰቡ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ሌላ ሴት ነበረች ለካ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ወይዘሮ ጽጌ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ረስተዋቸዋል። እኔን ግን ዕድሜ ልካቸውን አይረሱኝም።

እስቲ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ንገሩኝ፦ እንደዚያ አድርጎ መረሳትን ስንት ዓመት ይማሩታል?