የወንዝ ዳሩ ደን ሹም

ወንዝ ዳር ደን ያለበት አገር ሁሉ፣ ማንም ያልሾመው አንድ ሹም አለው። ሽማግሌዎች እንዳትቆረጥ ባወገዙላት፣ ከቆሰበር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ደን ሹሙ አያ ክንዴ ነበሩ፤ የዶቅማና የወይራ ባላደራ፣ የጉሬዛዎች ጠበቃ።

ያን ጊዜ ቆሰበር አስተምር ነበር። ሆዴ ሲብሰኝ፣ ውሃው ሲያንጎራጉር ለመስማት እሁድ እሁድ ወደዚያች ደን እወርዳለሁ። ብቻዬን ግን ሆኜ አላውቅም፤ የአያ ክንዴ ኮቴ ከኋላዬ ነው። «በዓይን እንጂ በእጅ የለም» ይላሉ። እጄን አጣምሬ ብሄድም ይላሉ።

ነጋዴው አቶ ዓብዱልሀሚድ አንዲት የወይራ መፋቂያ ቢቀነጥሱ፣ አያ ክንዴ ሽማግሌ ፊት አቆሟቸው። «የእርስዎ ጥርስ ሠላሳ ሁለት ነው፤ ወይራው ግን አንድ ነው» ብለው ተከራከሩ። የራሳቸው የአያ ክንዴ ሞፈር በእርሻ መካከል ሲሰበር ደግሞ፣ ደኑን ከጓሯቸው ትተው ሞፈር ፍለጋ ግምጃ ቤት ገበያ ድረስ በእግራቸው ኳተኑ። አገሩ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ።

በሃምሳ ሁለት ዓ.ም. ክረምት ባለቤታቸው እታለማሁ አረፈች። ወንዙ ሞልቷል፣ ዝናቡ አላባራም። የቃሬዛ እንጨት ከቅርብ ደን መቁረጥ የአገሩ ልማድ ነው፤ ለሬሳ ሲሆን ውግዘቱ አይይዝም ይላሉ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው። ጎረምሶቹ መጥረቢያ ይዘው ደኑ አፋፍ ላይ የአያ ክንዴን ቃል ጠበቁ። እሳቸው ግን፣

«ከቤቴ ጣሪያ ሁለት ወራጅ ምዘዙ» አሉ።

ተመዘዘ። አልቃሿ ማናለብሽ ፊት ለፊታቸው ቆማ ደረቷን እየመታች ሙሾውን አወረደችው፦

ደን ሙሉ ዛፍ ይዞ ሲጠብቅ የኖረ፣
የእታለማሁ ለት በንጨት ተቸገረ።

ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። እኔም ያን ቀን ጠላኋቸው።

ከአርባው በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጣሪያው ወራጁ በተመዘዘበት በኩል ያፈሳል፤ የሚንጠባጠበው እታለማሁ ትተኛበት በነበረው መደብ ላይ ነው። ስለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው።

«መጥረቢያ አንዴ መንገዱን ከለመደ አይመለስም፣ መምህር። ሞት የእኔን ቤት ብቻ አይደል የሚያውቀው። ለየሬሳው ሁለት ሁለት ዛፍ ቢወድቅ ስንት ክረምት ትቆያለች?»

«እታለማሁስ ምን ትላለች?»

ጠብታውን እያዩ፣ «ደኑ ውስጥ የዶቅማ ፍሬ ስትለቅም አግኝቼ፣ እንዳላየ ሆኜ ያለፍኩት እሷን ብቻ ነው» አሉ።

በሚቀጥለው እሁድ ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ከገበያ ገዝቼ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ መጣሁ። ደጃፍ ላይ አስቆሙኝ። የተቆረጠበትን ጫፍ አገላብጠው አዩ፣ አሸተቱ፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሸጠልኝ መረመሩኝ። ሲያምኑኝ መሰላል አመጡ። እኔ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ማሰር ስጀምር ካፊያው መጣ። አያ ክንዴ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ውሃው በፊታቸው እየወረደ፣ ቀና ብለው እኔን እንደ ዛፍ ጠበቁኝ።