ክቡር ኢንጂነር ወልደሥላሴና ቀይዋ መኪና

ወይዘሮ ብርቄ እንደምትለው፣ እግዜር ባልን የፈጠረው ሁለት ዓይነት አድርጎ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ሠሪ የሚጠራና፣ "ማንም እንዳይነካብኝ!" ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ መፍቻ የሚያነሳ። ለእሷ የደረሳት ሁለተኛው ነው።

ባሏ ወልደሥላሴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሚፈታው ሬዲዮና ካውያ ብቻ ስለነበር ቤቱ ሰላም ነበር። ጡረታ እንደወጣ ግን ድንበር አጠገብ ወዳለችው ሐርተሼክ ከተማ ለለቅሶ ሄዶ፣ ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ጀርባ፣ ፍየል የሚተኛባት ቀይ የእንግሊዝ የስፖርት መኪና አየ። ጣሪያ የላትም፤ ወንበሯ ሁለት ብቻ፣ መሪዋም በቀኝ። በአይሱዙ አስጭኖ አምጥቶ ጅግጅጋ፣ ግቢው መሃል አራገፋት።

"ምን ሆና ነው?" አለች ብርቄ።

"ምንም አልሆነችም። ትንሽ ነው የቀራት።"

ያቺ "ትንሽ" ዓመታት ፈጀች። ካርቡሬተሩ የተቀቀለው በብርቄ የወጥ ድስት ነው። ፒስተኖቹ የእንግዳ አልጋ ላይ አደሩ፤ ያውም ብርድ ልብስ ለብሰው። የራዲያተሩ ጎማ ሲቀደድ የሻወሩ ጎማ ጠፋ፤ ክቡርነታቸውም ከዚያን ቀን ወዲህ በጆግ ይታጠባሉ። "ኢንጂነር" የሚለውን ማዕረግ የሰጠው ጎረቤቱ ዒጋል፣ በአጥሩ በኩል ብቅ እያለ ይመክረዋል።

"ኢንጂነር፣ ወላሂ ግመል ብትገዛ ይሄኔ ወልዳልህ ነበር!"

"ግመል ማርሽ አላት እንዴ?" ይላል ወልደሥላሴ፣ ከመኪናዋ ሥር ሳይወጣ።

እንዲህ እንዳለ የልጃቸው የሶልያና ሠርግ ደረሰ። ዳስ የሚጣልበት ቦታ መኪናዋ የተኛችበት ነው። ብርቄ ነገር አላንዛዛችም፤ ቁራሌ የሚሰበስበውን ይሁንን፣ መኪናዋን ፈታቶ እንዲወስድ ጠራችው።

ይሁን ጋሪውን እየገፋ ሲገባ የወልደሥላሴ ፊት አመድ መሰለ። አልተቆጣም። "አንዴ ብቻ ልሞክራት፣ ብርቅዬ" አለ።

"ብርቅዬ" ካላት ስንት ዘመኑ! "ሞክራታ" አለች።

ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አስነጠሰች፣ ሳለች፣ ይሁን ላይ ጥቁር ጭስ ተፋችበት፤ ከዚያ አገሳች! ይሁን ራሱ ጭሱን እየጠረገ አጨበጨበ። ወልደሥላሴ ግን አንደኛ ማርሽ ቢል እምቢ፣ ሁለተኛ ቢል እምቢ። እሺ ያለው የኋላው ብቻ ነው።

"ብርቄ፣ ግቢ!"

"በዚህ ልብሴ?" አለች። እያለች ግን ተቀምጣ ነበር።

ከበሩ በጀርባ ወጡ፤ አስፋልቱንም በጀርባ ተያያዙት። ባጃጆች ጥግ ያዙ፣ ጫት ሻጮቹ ከመደባቸው ተነሥተው እልል አሉ። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ነፍቶ "አባባ፣ ወዴት ነው?" ቢል፣ ወልደሥላሴ አንገቱን እንደ ጉጉት አዙሮ "ወደ ፊት!" ብሎት አለፈ። ነፋሱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ እየጣለባት፣ ብርቄ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ ይሁን ከነጋሪው ቆሟል። ወልደሥላሴ ሞተሩን አጠፋ፤ ቁልፉንም ነቅሎ ለሚስቱ ሰጣት።

"ሞክሬያታለሁ። በይ ይውሰዳት" አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

ብርቄ ግራሶ የጠገበ እጁን አየች። ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችና ወደ አጥሩ ዞራ ተጣራች።

"ዒጋል! ዳሱን አንተ ግቢ ነው የምንጥለው!"

"ለሙሽራዋ ከሆነ ግቢው የእናንተ ነው!" አለ ዒጋል ከማዶ።

"ለሁለቱም ሙሽሮች ነው!" አለች ብርቄ፣ በነጠላዋ ጫፍ የመኪናዋን መስታወት እየወለወለች።