የላስቲኳ ፍየል ርግጫ

ኅዳር ፲፪ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አንባቢ ሆይ፣ ልማዳቸውን ከነገመዱ የሚጦሩ ሐኪም አጋጥመውዎት ያውቃሉ? እኔ በደብረ ታቦር አንድ የሕክምና መምህር አውቃለሁ። የቀዶ ጥገና ልምምድ በላስቲክ ፍየል እንዲሆን ከተወሰነ በኋላም፣ «ነፍስ የሌለው ምን ያስተምራል?» እያሉ ከእብናት ያስመጧትን ፍየል ደጅ አስረው ነበር። ላስቲኳ ካላረካቻቸው ተረኛዋ እሷ ነበረች።

በዚያ ጠዋት እኔ በልምምዱ ክፍል በታዛቢነት ተቀምጫለሁ። መምህሩ እንደ ወትሯቸው ላስቲኳ ላይ አማተቡ። (ላስቲክ ይማተብበታል?)

«እግሯን ያዝ!» አሉት አንዱን ተማሪ።

«ዶክተር፣ ይቺ እኮ አትራገጥም!» አለና ተማሪው እየሳቀ ያዛት።

የመምህሩ ምላጭ ሲነካት ተማሪው ጮኸ፦ «ረገጠችኝ!»

ክንዱ ላይ የሰኮና ምልክት ቀልቷል። መምህሩ ወጥተው የደጇን ፍየል ፈተው ለቀቋት።

የ«ነፍስ የሌለው» ክርክር በዚሁ ተዘጋ፤ ተማሪውን ማን እንደረገጠው ግን እስካሁን አልታወቀም።