ለኮንትራባስ የተለቀሰ ለቅሶ

የእኔ ነገር የተበላሸው በሐምሌ ገብርኤል ማግስት፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ያለውን ሰው ባገኘው የምጠይቀው ብዙ ነበረኝ። እኔን የጣለኝ አንዲት እሺ ናትና።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ኦርኬስትራ ጉለሌ፣ ቀበሌያችን ኳስ ሜዳ ላይ፣ ለሰፊው ሕዝብ ክላሲካል ሙዚቃ እንዲያሰማ ተወሰነ። በሐምሌ! ያውም እንጦጦ ሥር! እኔ አራት ዓመት ጂኦግራፊ የተማርኩ ሰው ነኝና ይዘንባል ብዬ ለቀበሌው ሊቀመንበር ነገርኩት። ለነገሩ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ የሰፈሩ ፍየልም ያውቃል። ሊቀመንበሩ ግን «ጓድ፣ ተስፋ አስቆራጭ አትሁን» አለኝ። የዝናቡን ነገር ተውኩት። ወደዚያው ወዳጅ አገር ለትምህርት የሚያሻግረኝ የድጋፍ ደብዳቤ የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች ቢለኝም ለማየት በጠዋት እነሳ ነበር።

ሙዚቃው ተጀመረ፤ ገና ሞቅ ሳይል በረዶ ወረደ። በረዶው ከበሮውን ሲደበድበው ሕዝቡ የሙዚቃው ክፍል መስሎት አጨበጨበ፤ እውነት ለመናገር፣ የዕለቱ ትልቁ ጭብጨባም እሱ ነው። ሙዚቀኞቹ ቫዮሊናቸውን ኮታቸው ውስጥ ወሽቀው አስፋልት ዳር ወደቆመው አውቶቡስ ሮጡ። የቀረው ኮንትራባስ ነው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ የማሲንቆ ቅድመ አያት በሉት። ባለቤቱ፣ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ አቅፎት ያለቅሳል።

«ጓድ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ኃላፊነቱን ውሰድ» አለኝ ሊቀመንበሩ። እሺ አልኩ። ለውጭ አገር ብርድ ብዬ ከሽሮ ሜዳ የገዛሁትን አዲስ ጋቢ ከትከሻዬ አውርጄ ኮንትራባሱን ከአናቱ እስከ እግሩ ጠቀለልኩት። ጭቃው መኪና አያስገባም። ከእድሩ ቤት ቃሬዛ አስመጣሁ፤ አራት ጎረምሶች ተሸከሙት። እኔ ከፊት ሆኜ «ቀስ! አንገቱን ደግፉት!» እላለሁ፤ ፈረንጁ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ እያነባ ይከተላል።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እትዬ ዘውዴ ከበራቸው ላይ ሆነው አዩንና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ልጄን! ማን ነው?» እያሉ ወጡ። «ኧረ እትዬ፣ ሰው አይደለም!» ብላቸው፣ «አውቃለሁ ልጄ፣ መልአክ ነበር!» ብለው ባሰባቸው። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ምን ይጠብቃል? ነፋው። ያን ቀን ዜማውን እስከ መጨረሻው የተጫወተ እሱ ብቻ ነው። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ የተከተለን ሕዝብ ሙዚቃውን ካዳመጠው ይበልጥ ነበር። ኮንትራባሱ አውቶቡስ ሲገባማ «ሳይቀበር ወዴት ልትወስዱት ነው?» ብለው ጎማው ፊት የተኙ አሉ።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራሁ። ደብዳቤዬ ላይ በቀይ ቀለም «ያለ ፈቃድ የቀብር ሰልፍ መርቷል» ተብሎበታል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ያዘዙኝ እርስዎ! ደግሞስ የሞተ ሰው መቼ አለ?» አልኩ። እሱም ረጋ ብሎ «ሕዝቡ አልቅሷል። ሰፊው ሕዝብ ደግሞ አይሳሳትም» አለኝ።

በእኔ ቦታ የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም ሄደ። ጋቢዬም ሄዷል፤ ፈረንጁ ሳይፈታው ነው የተሳፈረው። ከእኛ ቤት ውጭ አገር ያየ እሱ ብቻ ነው።

ያ ዘመን አለፈ። ሊቀመንበሩ ዛሬ «ጋሼ» እየተባለ የእድራችን ዳኛ ሆኗል፤ በሰፈሩ የሞተ ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ ያለው በእሱ እጅ ነው። በየወሩ ስብሰባ እጄን አወጣለሁ፤ በየወሩ «ከአጀንዳ ውጭ ነው፣ ተቀመጥ» ይለኛል። አልቀመጥም! መዝገቡን ይግለጥና ይንገረኝ፦ ያን እሑድ አገር ያለቀሰለት ሟች ማን ነው?